ዝም ያለው የትራፊክ መቀበያ

ሁለት ደቂቃ ስጡኝ፤ ይቺን ሰምታችሁ አትቆጩም። እሁድ ጠዋት ጎረቤቴን ጋሼ መኮንንን ከሰፈራችን ከአቢዴል ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን እነዳለሁ። ከሌሊት ሽፍት ሥራ ወጥቼ ስላልተኛሁ ዓይኔ ይቃጠላል። ጋሼ የክርስትና አባት ናቸው፤ የሚያነሱት ሕፃን ዛሬ አርባ ቀኑ ነው። ድካሙ ግን አፌን አልዘጋልኝም። «ይሄ ጂፒኤስ የትራፊክ መቀበያ አለው፤ መንገድ ሲዘጋጋ ወሬውን ከአየር ላይ ይቀበልና በሌላ በኩል ይወስደናል» እያልኩ አስረዳቸዋለሁ።

«አሁንስ ምን ይላል?»

«ምንም አላለም። መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው፣ ጋሼ።»

ሜሞሪያል ድራይቭ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ስንገባ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ከፊት በረዶ አንሸራቷቸው የተጋጩ መኪኖች አሉ። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። «አንተ ልጅ፣ ዕቃህም እንዳንተ እንቅልፍ አምሮታል እንዴ?» አሉኝ። ያኔ ነው ገመዱ ትዝ ያለኝ። መቀበያው ያለው ከጂፒኤሱ ጋር በመጣው ወፍራም ገመድ ውስጥ ነው፤ እኔ ደግሞ ውፍረቱ አስጠልቶኝ በቀጭን ቻርጀር ቀይሬዋለሁ። ቻርጀሩ ባትሪ ይሞላል እንጂ የመንገድ ወሬ ከየት ያመጣል?

ስንደርስ ሕፃኑ ተጠምቆ በጋሼ ፋንታ ሌላ ሰው አቅፎታል። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ጋሼ ሕፃኑን ቆመው ሲያዩት ቆዩና «ልጄ፣ አላውቅም ብትለኝ እኮ ለሰው ደውለን እንጠይቅ ነበር» አሉኝ።

እናንተም ዛሬውኑ መኪናችሁ ውስጥ ግቡና ገመዱን እዩት። አብሮት የመጣው ካልሆነ ፈልጋችሁ ሰኩት፤ የትራፊኩ ምልክት ስክሪኑ ላይ ሳይመጣ ሰው አሳፍራችሁ አትውጡ።