የመልሱ ትኬት

ከባህል አዳራሽ ወደ መናኸሪያ በሚሄደው ታክሲ፣ ከጎኔ የተቀመጡ ሻንጣ የያዙ ሽማግሌና አንዲት ሴትዮ ያወራሉ።

"ወዴት ነው ጉዞው፣ አባባ?"

"አዲስ አበባ። ወንድሜን ልቀብር በአውሮፕላን መጥቼ ነበር።"

"ውይ! እግዚአብሔር ያጽናዎት።"

"አሜን። ልጄ የቆረጠችልኝ ደርሶ መልስ ነው። በረራው ዛሬ ነበር፤ እኔ ግን በአውቶብስ ልሄድ ነው።"

"ታዲያ ትኬቱ ይቃጠል?"

"ይቃጠላ! ስመጣም አልቅሼ ሳልጨርስ ነው አውሮፕላኑ ያረፈው።"

"መንገዱ ያደክምዎታል እኮ።"

"እኔና ወንድሜ ልጆች ሆነን ክረምት በመጣ ቁጥር አክስታችን ጋ የምንሄደው በዚሁ መንገድ ነበር። ከዚህ እስከ ሻሸመኔ በመስኮቱ ወንበር እንጣላለን። ዝዋይ ስንደርስ እናታችን ፓፓያ ትገዛለች፤ እሱ የራሱን ድርሻ ይሰጠኝና እንታረቃለን።"

"መስኮቱ ጋ ማን ይቀመጥ ነበር?"

"እሱ ነዋ! ታላቅ አይደል?"

"ዛሬ እንግዲህ የእርስዎ ተራ ነው።"

"ኧረ እኔስ እዚያ አልቀመጥም። የሱ ቦታ ነው።"

መስኮቱ ጋ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩና፣ መናኸሪያ እስክንደርስ ወደ ውጭ ማየት አሳፈረኝ።