የሩቁንም የቅርቡንም

ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት የሠርግ ፎቶ የሚያነሳ ወጣትና አንዲት እናት ነበሩ።

“ካሜራዬ ደህና ነው፣ እማማ። አቅሜ የሚፈቅደው ግን አንድ ሌንስ ብቻ ነው። ቅርቡን የሚያሰፋውን ልግዛ ወይስ ሩቁን የሚያቀርበውን?”

“ሁለቱንም የሚያደርግ የለም?”

“አለ። ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል።”

“ይቀንስ። ልጄን ስድር በእሱ ታነሳልኛለህ።”

“ኢንሻአላህ። ሙሽራዋን የት ሆኜ ላንሳት?”

“ወደ ባሏ አገር ወደ ወግዲ ሲወስዷት አብረሃት ሂድ። እናት አትከተልም፣ እኔ ደጃችን ካለው ጉብታ ላይ እቀራለሁ። ወንዙ ጋ ስትደርሱ ዞር ብለህ እኔን አንሳኝ።”

“እርስዎን?”

“ሙሽራ ወደ ኋላ አታይም። እኔ ስዳር እናቴ እስከ መቼ እንደቆመች ዛሬም አላውቅም።”

መካነ ሰላም ከኋላችን እንደጠፋች ባውቅም ዞር ብዬ አየሁ።