መንገድ ማዶ የተከፈተው ገበያ

ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የቀሚሴን እጅጌ ትንሽ ያሳጥሩልኝ ብዬ ነበር... ውይ፣ ከመጋረጃው ኋላ ሱፍ የሚለካ ደንበኛ አለ እንዴ? ጫማውስ ለዓይኔ አዲስ አይደለም። ቀስ ይበል፣ አልቸኩልም። እስከዚያ ስለ አንድ ደግ ሰው ላጫውትዎ።

መቼም እኛ አክሲዮን አሻሻጮች ድሮ አንድ አዳራሽ ብቻ ነበረን። ገዢም ሻጭም እዚያው ስለሚጮህ ዋጋው ለሁሉም ይሰማል። ኮሚሽኑ ግን... እውነቱን እንነጋገር፣ ያቃጥል ነበር። ይኼ የተባረከ ሰው ታዲያ ከጎኔ ካለው ወንበር ተነስቶ መንገድ ማዶ ሌላ የአክሲዮን ገበያ ከፈተ። ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ጸጥ ያለ፣ ስክሪን ብቻ! የእኛም አዳራሽ ደንግጦ ኮሚሽኑን በግማሽ ቀነሰ። ተወዳዳሪ ባይመጣ ማን ይቀንስልን ነበር? ጽድቅ አይደለም እንዴ?

ብቻ... ገዢው እዚህ፣ ሻጩ እዚያ ሆነና እዚህ ቤት የተጠራው ዋጋ እዚያ አይሰማም። የሁለቱንም ቤት ዋጋ እኩል የሚያይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ። እንዴት ያለ ዓይን ሰጥቶታል! መነጽር እንኳ አያደርግም እኮ።

ያሳደገችውን አክስቱን ያውቋት የለ? ባሏ የተወላትን የሲሚንቶ ፋብሪካ አክሲዮን ለዓይኖቿ ሕክምና ልትሸጥ ተነሳች። የወንድሟ ልጅ የከፈተው ገበያ እያለ የት ትሂድ? "አክስቴ፣ ዛሬ ገዢ የለም፤ ለአንቺ ስል እኔው ልውሰደው" ብሎ ገላገላት። ኮሚሽን? አንድ ሳንቲም አልነካባትም! ሻይም ጋብዟታል። ሻዩ ሳይበርድ ያንኑ አክሲዮን እኛ አዳራሽ በእጥፍ ሸጠው... ገዢው እኮ የእኔው ደንበኛ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ስጮህለት ነበር። ሻጩን ሲነግሩኝ እንባዬ መጣ... በኩራት ነዋ!

ምንድን ነው የወደቀው? መስቀያ ነው? አይዞን፣ አይሰበርም።

ትናንት ሆስፒታል ልጠይቃት ሄድኩ። ገንዘቡ ለአንድ ዓይኗ ብቻ በቃ። ምን ጎደላት? እሱን ለማየት አንዱም አይበቃም? "ልጄ እኮ ኮሚሽን እንኳ አላስከፈለኝም" ትለኛለች እጄን ይዛ። "ታድለሻል" አልኳት... ከዚያ ኮሪደር ላይ ወጥቼ ቆምኩ፣ ትንሽ።

በሉ ጋሼ፣ እኔ ነገ እመለሳለሁ። ስመርቅ ግን ጮክ ብለው አሜን ይበሉልኝ፦ ዕድሜና ጤና ይስጠው! ሲያረጅም፣ እሱ አክስቱን እንደጦራት፣ ልጆቹ ልክ እንደዚያው አድርገው ይጡሩት!