ውሃ ያልጠጣው ድንጋይ

ውሃው ሲመጣ ታናሽ ወንድሜ ከጉድጓዱ አጠገብ ቆመው ነበር። ድፍድፍ ዘይት ይወጣል ተብሎ ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ቧንቧውን ከቦ ሲጠብቅ፣ የወጣው እሳቸው በሌላው ጉድጓድ በኩል እንዲገባ ያዘዙት ውሃ ነበር። ፎርማኑ «ኢንጂነር፣ የራሳችንን ውሃ መለሰልን እኮ» ብሎ ቢቀልድ የሳቀለት የለም። ወንድሜም ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ከዚያ ወዲህ ደህና ሳቅ ሲስቁ አላየሁም።

የተወለዱት ድንጋይ ጠራቢ ከነበሩት አባታችንና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታችን ነው። ለሁለታችን የሚበቃ አቅም ስላልነበረ እኔ ከአባታችን ጋር መዶሻ ይዤ ስቀር እሳቸው ትምህርት ቤት ገቡ። አላሳፈሩንም። ከክፍል ክፍል በጥሩ ውጤት እያለፉ፣ የነዳጅ ምሕንድስና ተምረው፣ በተመረቁ ማግስት ዘይት አውጪ ድርጅት ውስጥ ተቀጥረው፣ እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠሩ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ዘይቱ ያለው ኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። እንዳስረዱኝ ከሆነ፣ ይህ ድንጋይ ስንጥቁ ብዙ ነው፤ ዘይቱንም በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል። የጉድጓዶቹ ኃይል ደክሞ ዘይቱ በራሱ አልወጣ ሲል፣ ምን ቢገባበት ይለቃል የሚለውን የመምረጡ አደራ በእሳቸው ላይ ወደቀ። ጋዝ ነበር፣ ሳሙና መሰል ፈሳሽ ነበር፣ ተራ ውሃም ነበር። ጋዙ በቅርብ አልተገኘም። ፈሳሹ ረጅም ሙከራ ይፈልጋል፤ ድርጅቱ ደግሞ ቶሎ ካልመረጣችሁ ጉድጓዶቹን እዘጋለሁ ይላል። ስለዚህ ከመሬት የወጣውን የድንጋይ ናሙና አጥበው፣ ዘይት መልሰው ሞልተው፣ ውሃ ውስጥ ቢነክሩት ድንጋዩ ውሃውን እየጠጣ ዘይቱን ለቀቀ። ውሃ መረጡ።

ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የታጠበ ድንጋይ ጠባዩ ይለወጣል፤ ዘይት ውስጥ ሆኖ በሙቀት ለሳምንታት ካልከረመ ከታች ያለውን አይመስልም። ወንድሜ ይህን ያውቁ ነበር። ጊዜ የለም ብለው አለፉት። ከታች ያለው ድንጋይ ግን ውሃውን እምቢ አለ፤ ውሃውም ዘይቱን ትቶ በስንጥቁ ሮጦ ወጣ።

ጉድጓዶቹ ተዘጉ፣ ሠራተኛው ተበተነ። ፎርማኑ ዕቃውን ጭኖ ልጆቹን ይዞ ሲሄድ በደጃቸው አለፈ፤ አልተሰናበታቸውም። እሳቸው ከባዶው ሰፈር አልወጣም ብለው ቀሩ። ከዓመታት በኋላ ጉበታቸውን ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ፣ የእናቷን ሙያ የያዘችውን ልጃቸውን አንድ ነገር ለመኗት፤ የቀረውን ናሙና በወጉ አክርማ በዚያ በተተወው ሳሙና መሰል ፈሳሽ እንድትሞክረው። ውሸት እንዳትነግራቸውም አስማሏት። ለእኔ ግን፣ «ጋሼ፣ ዘይቱ ካልወጣ ምንም ብመርጥ ጉድጓዱ አይድንም ነበር ማለት ነው። ከወጣ ግን ያን ሁሉ ቤት የዘጋሁት እኔ ነኝ። እንዳይወጣ ጸልይልኝ» አሉኝ። ጸለይኩ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኔን ታላቃቸውን ትተውን ሄደዋል። የሚያጽናና ቃል ፈልጌ አጣሁ። አምላክ እዚህ የነሳቸውን ዕረፍት እዚያ ለነፍሳቸው ይስጥልን።

ባረፉበት ዕለት ጠዋት ልጃቸው ከምትሠራበት ላቦራቶሪ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መናገር ስላቃታቸው በዓይናቸው ጠየቋት። እጃቸውን ይዛ እንዲህ አለቻቸው፦

«ወጥቷል፣ አባዬ።»