ጋን ላይ የተደፋ ስፒከር

የኬላው አብዮት ጠባቂዎች ፈትሸው ሲለቁን አውቶቡሱ ወደ ሸዋ ሮቢት ቁልቁለቱን ተያያዘው። ከኋላዬ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠውን ጎልማሳ ያዋሩት ጀመር።

«ፈታሹ ያገላበጠብህ ምንድነው ልጄ? ሰፌድ ያህላል።»

«ስፒከር ነው እትዬ። ለቴፔ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣልኝ።»

«ሣጥን የለውም?»

«የጠላ ጋን አፍ ላይ እደፋዋለሁ። የበፊቱ ስፒከር ወረቀቱ ተቀዶብኝ አባቴ ተቸገሩ።»

«ዘፈን ወዳጅ ናቸው?»

«በገና ደርዳሪ ነበሩ። አሁን ጆሯቸው ጭራሽ አይሰማም።»

«ታዲያ ለማይሰማ ሰው ምን ያደርጋል?»

«መደቡ ላይ ሆነው ግድግዳውን ሲደገፉ በጀርባቸው ይሰሙታል። መጀመሪያ ግን አልሆነልኝም። ጋኑ መሀል ቤት ሲሆን ድምፁ ይጠፋል፣ ጥግ ሲሆን ያጓራል።»

«እና እንዴት አደረግህ?»

«ጋኑን እሳቸው የሚቀመጡበት አደረግኩና በግድግዳው ሥር እየዳህኩ አዳመጥኩ። ድምፁ ጥርት ብሎ የወፈረበት ቦታ ስደርስ፣ ከዚያም ወደ እሳቸው መቀመጫ እንዲሁ ጠርቶ ይደርሳል ብዬ ጋኑን እዚያ አዛወርኩት።»

«እየዳህክ! ሚስትህ ምን አለች?»

«ጠበል ልትወስደኝ ነበር።»

«ተባረክ የኔ ልጅ! ግን እውነት ይሰሙታል?»

«አንድ ቀን በገና ከፍቼላቸው ድንገት ተቆጡ። ‹አውታሩ ላልቷል፣ አጥብቀው!› አሉኝ። ቴፑን ባየው ባትሪው ደክሞ የካሴቱ ክር እየተጎተተ ድምፁ ወርዶ ኖሯል።»

እኔም ቀስ ብዬ መዳፌን የአውቶቡሱ ግድግዳ ላይ አሳረፍኩ።