የፊታውራሪ ድምፅ

(ፒያሳ፣ ግድግዳው በብርድ ልብስ የተሸፈነ የሸክላ መቅረጫ ክፍል፤ ከሰዓት በኋላ። አዝማሪና ቀልደኛው ጋሽ ውብሸት ከምሳ ቤት ሮጦ ተመልሷል፤ ከውጭ ተምሮ የመጣው ድምፅ ቀራጭ ልሳኑ ጠዋት የቀረጹትን ሣጥን ውስጥ እያሸገ ነው።)

ውብሸት፦ ይስበሩት አልኩ እኮ፣ አቶ ልሳኑ!

ልሳኑ፦ አልሰብረውም። ጠዋት በራስዎ ቀልድ እንባዎ እስኪፈስ ሲስቁ አልነበረም እንዴ?

ውብሸት፦ ጠዋት ሌላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምሳ በላሁ፣ ወሬ ሰማሁ። ቢያንስ አንዴ ያሰሙኝና ልፍረድ።

ልሳኑ፦ አይሰማም። ይኼ ገና ሰም ነው፤ መርፌ አንዴ ከሄደበት ተበላሸ ማለት ነው። ፈረንጁ አለቃዬ ሙሴ በአሥራ አንድ ሰዓቱ አውሮፕላን ይዞት ይሄዳል፤ ፋብሪካ ገብቶ ሸክላ ሆኖ ሲመጣ ነው የሚሰማው። ሌላ ባዶ ሰምም የለንም። ይኼ ከቀረ ቀረ።

ውብሸት፦ ይቅራ!

ልሳኑ፦ ቴአትር ቤቱስ? «አዲስ ሸክላ ካላወጣህ መድረኩን ለጊታር ልጆች እሰጣለሁ አሉኝ» ብለው ትናንት እዚህ ወንበር ላይ ያለቀሱት ማን ነው?

ውብሸት፦ ማን አለቀሰ? የዚህ ብርድ ልብስ አቧራ ነው።

ልሳኑ፦ እሺ፣ አቧራው ነው።

ውብሸት፦ ደግሞስ ለዚህ ያበቃኝ ማን ሆነና? ያው ሸክላ አይደል! የመጀመሪያ ሸክላዬን፣ «የበቅሎዋ ሙግት» የሚባለውን ቀልድ ስቀረጽ፣ መሃል ላይ ሳል ያዘኝ። የቀረጸኝ ፈረንጅ «ግድ የለም» አለ። ይኸው በየጠጅ ቤቱ ስስል እውላለሁ! አሁን መድረክ ላይ ሙግቱን ጨርሼ እጅ ስነሳ «ሳሉስ?» ይሉኛል። አዲስ ቀልድ ባመጣ የሚሰማኝ የለም። አንዱማ ዓይን ዓይኔን እያየ «ይኼ ሰውዬ ውብሸትን አይመስልም» አለ።

ልሳኑ፦ ሳሉን የሚያስረሳልዎት እኮ ይኼኛው ነው። ፊታውራሪ ብጡልና ስልኩ! አገር ነው የሚስቅልዎት።

ውብሸት፦ አገር እንዲስቅ አልፈልግም! እኔ ከጅማ ከገባሁ ጀምሮ ከዚህ ክፍል አልወጣሁም፤ የሰማሁት ነገር አልነበረም። ዛሬ ምሳ ቤት ገብቼ «ፊታውራሪን ዛሬ እንዴት አድርጌ እንዳወጣኋቸው ብታዩ!» ስል ሰዉ ሁሉ አቀርቅሮ ትሪውን ያይ ጀመር። ለካ ግማሽ ጎናቸውን መቷቸው አንደበታቸው ተዘግቷል። እኔ እዚህ በድምፃቸው ስጫወት እሳቸው «ውኃ» ማለት አቅቷቸዋል!

ልሳኑ፦ አውቃለሁ።

ውብሸት፦ ምን አሉ?

ልሳኑ፦ በከተማው የሚወራ ነው አልኩ።

ውብሸት፦ እያወቁ ነው «የፊታውራሪን ይሥሩልኝ» ያሉኝ? እኔ የደላላውን ቀልድ አዘጋጅቼ አልነበር የመጣሁት?

ልሳኑ፦ ሃያ ዓመት ሲቀልዱባቸው ኖረው ዛሬ ኃጢአት ሆነብዎ?

ውብሸት፦ ፊታቸው ነዋ! ሁልጊዜ ፊታቸው! እሳቸው ተቀምጠው፣ እኔ መሰንቆዬን ይዤ ቆሜ። እስኪያልባቸው ይስቃሉ፤ ሲበቃቸው «ዝም በል አንተ ቀላማጅ!» ብለው ካባቸውን ይደርቡልኛል። ያኔ ነገሩ አለቀ፣ ታረቅን ማለት ነው። አዝማሪ ሰውን ፊቱ ቢሰድብ ጨዋታ ነው፤ በሌለበት ከሰደበ ሐሜተኛ ነው። ይኼን የማያውቅ አለ?

ልሳኑ፦ እኔ አላውቅም። ያደግኩት ሌላ አገር ነው።

ውብሸት፦ እሱማ ግድግዳ ፊት አቁመው «ያስቁን» ሲሉኝ ገብቶኛል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል አሉ፤ የኔ ምሳር ደግሞ በአውሮፕላን ሊሄድ!

ልሳኑ፦ ምሳር አይደለም። ሰውየው ዳግመኛ ላይናገሩ ይችላሉ። ድምፃቸው የቀረው እዚህ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው።

ውብሸት፦ የኔ ጉሮሮ ነው እንጂ የሳቸው ድምፅ ነው እንዴ?

ልሳኑ፦ ጠዋት ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስሰማ ልለየው አልቻልኩም።

ውብሸት፦ ልለየው? የፊታውራሪን ድምፅ የት ያውቁታል?

ልሳኑ፦ ሙሴ ሊደርስ ነው፤ ሣጥኑን ልጨርስ።

ውብሸት፦ ሣጥኑን ያስቀምጡት። አቶ ልሳኑ፣ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀውን ሳልጠይቅዎ ቀረሁ። ሽቦ ሲበጣጥሱ እያየሁ ፈረንጅ መስለውኝ ይሆናል። የማን ልጅ ነዎት?

ልሳኑ፦ የብጡል።

ውብሸት፦ የትኛው ብጡል?

ልሳኑ፦ ጠዋት እርስዎ የነበሩት ብጡል።

ውብሸት፦ አይዋሹ! የፊታውራሪ ልጅ ጋሻው ነው የሚባለው። ጥምቀትን ያየው እኔ ጫንቃ ላይ ሆኖ ነው።

ልሳኑ፦ ጋሻው የቤት ስሜ ነው። ልሳኑ ያሉኝ ትምህርት ቤት ስገባ ነው። መሰንቆዎን እንስራ ውስጥ የነከርኩት እኔ ነኝ።

ውብሸት፦ አንተ ነህ! አንተ የተረገምክ! ያ መሰንቆ ከዚያ ወዲህ ጉንፋን እንደያዘው ቀረ! ጋሻው... አንተ ጋሻው! ታዲያ እንዴት ናቸው? ሲያዩህ ለዩህ?

ልሳኑ፦ አላየሁትም።

ውብሸት፦ እንዴት አላየሁትም?

ልሳኑ፦ ከመጣሁ ወር አልፎኛል፤ ሆቴል ነው ያለሁት። እስከ በሩ ሄጄ ተመልሻለሁ።

ውብሸት፦ አባት አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ልጅ ሆቴል? ምን አድርገውህ?

ልሳኑ፦ የስልኩን ቀልድ እስቲ እንደገና ይንገሩኝ።

ውብሸት፦ ድምፃቸውን ከእንግዲህ አላወጣም።

ልሳኑ፦ በራስዎ ድምፅ ይንገሩኝ።

ውብሸት፦ ያው... ስልክ የገባላቸው ሰሞን ነው። ሲጮኽ ካባ ይደርባሉ፤ ባርኔጣቸውን ያወልቁና ቆመው ያነሱታል። «ማነህ?» አንዱ ከባሕር ማዶ ያንሾካሽካል። «ማነህ? ፊትህን አሳየኝ! ፊቱን ከማላየው ሰው ጋር አልነጋገርም! ልጄ? የልጄ ድምፅ እንዲህ አይደለም፣ አንተ ቀጣፊ!» ብለው ይዘጉታል። ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል።

ልሳኑ፦ ደዋዩ እኔ ነበርኩ።

ውብሸት፦ እመብርሃን!

ልሳኑ፦ ድምፄ ጎርንኖ ነበር። ለዚያች ስልክ ክረምቱን ሙሉ ሰው ቤት ሳህን አጥቤያለሁ። «ልጄ አይደለህም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልደወልኩም። ስመለስ ታክሲ ነጂው ሳይቀር ያቺኑ ቀልድ አጫወተኝ፤ አብሬው ሳቅኩ። አሁን አባቴን እንዳልጠይቀው አይናገርም። ስለዚህ በርስዎ ጉሮሮ አናገርኩት። ሸክላው ሲመጣ ደጋግሜ ልሰማው ነበር፤ ያ ነገር ከልቡ ይሁን አይሁን፣ ከድምፁ ለይቼ እንዳውቅ።

ውብሸት፦ ከኔ ድምፅ ምኑን ታውቃለህ? እኔ የወሰድኩት የሚያስቀውን ብቻ ነው። ነገሩ እኮ እዚያ አላለቀም።

ልሳኑ፦ ምን ማለት ነው?

ውብሸት፦ ያን ዕለት እልፍኝ ነበርኩ። ዘግተውት እዚያው ቆሙ፤ ባርኔጣው በእጃቸው። ምሳ ቀረበ፣ አልተቀመጡም። «ልጁ ከሆነ ደግሞ ይደውላል» አሉ። ቆመው ዋሉ። ከዚያ ወዲያ ያንን ስልክ ሰው እንዳይነካው ከለከሉ፤ በጮኸ ቁጥር ከመኝታም ቢሆን ተነስተው ራሳቸው ናቸው የሚያነሱት። ዛሬ ምሳ ቤት እንደሰማሁትም፣ በሽታው የጣላቸው እዚያው ስልኩ ሥር ነው።

ልሳኑ፦ ይኼ ለምን ቀልዱ ውስጥ የለም?

ውብሸት፦ አያስቅማ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ልጄ። ያቺን ቃል የሚመልሱበት ቀን ሲጠብቁ አፋቸው ተዘጋ። ጆሯቸው ግን ደህና ነው አሉኝ፤ ዓይናቸውም። በል፣ ሙሴ ሳይደርስ ስበረውና እንገላገል።

ልሳኑ፦ አልሰብረውም። ማጫወቻውን በዚያ በኩል ያንሱልኝ።

ውብሸት፦ ወዴት?

ልሳኑ፦ አባቴ ቤት። ፊቱ ከተባለ ሐሜት አይደለም አላሉም?

ውብሸት፦ አንዴ ከተሰማ ይበላሻል አላልክም?

ልሳኑ፦ ይበላሽ።

ውብሸት፦ አውሮፕላኑስ? ሙሴ ያባርርሃል እኮ!

ልሳኑ፦ ያባርረኝ። የርስዎ መድረክ ነው የቆጨኝ።

ውብሸት፦ የኔንማ ተወው፤ ለጊታር ልጆቹ ሳል አስተምራለሁ። ኧረ ቀስ! ደረጃ አለ! ሳይሰሙት እንዳትሰብርብኝ፣ ምናልባት መጨረሻዬ ነው።

ልሳኑ፦ በሩ ጋ ስንደርስ ግን እርስዎ ይቅደሙ። እርስዎን ሲያይ ይስቃል።

ውብሸት፦ አይሆንም። እኔን ሲያዩ የሚሆኑትን ሃያ ዓመት አጥንቼዋለሁ። ያንተን ፊት ሲያዩ የሚሆኑትን ግን አንድም ቀን አላየሁም። አንተ ቅደም።