ባዶው ምሳ እቃ

ከቂሊንጦ ወደ ቃሊቲ በሚመለስ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ፣ የፋብሪካ ደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ አጠገቧ የተቀመጡትን እናት ታዋራለች።

«ስለ ደስታ ሥልጠና ሰጡን፣ እማማ። በየቀኑ ያያችሁትን አንድ ጥሩ ነገር ተናገሩ ተባልን። እርስዎ ዛሬ ምን አዩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እሱማ ሁሌም ነው። አሠልጣኟ ግን የዛሬውን ለይታችሁ ንገሩኝ ነው የምትለው።»

«እስር ቤት ልጄን ጠይቄ መመለሴ ነው። ምን ጥሩ ነገር አያለሁ ብለሽ ነው?»

«ይቅርታ እማማ፣ አላወቅሁም።»

«ምንም አይደል።»

ጭናቸው ላይ ያለውን ምሳ እቃ ነካ አደረጉት።

«ባለፈው ያመጣሁለትን ሳይቀምስ ነበር የመለሰልኝ። ዛሬ ጨርሶታል።»

«በቃ፣ እሱ ነው።»

«እሱም ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል እንጂ።»

ባለቤቴ ጠዋት የቋጠረችልኝን፣ ሳልነካው ወደ ቤት ልመልሰው የነበረውን ምሳ ከቦርሳዬ አውጥቼ እዚያው መብላት ጀመርኩ።